መልስ፦ ትምህርት ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ለምን ቀደመ?

በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ ያሉ ብዙ የካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያዎች) ከቤተ ክርስቲያን በፊት ትምህርት ቤት የሠሩት ለምን እንደሆነ ለጠየቁት ወንድማችን፦ ምክንያቱ ልጆች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣት ቤተሰቦች መንግሥት ዋስ በሆነበት የቤት ብድር እየታገዙ ከመሀል ከተማ ወጡ፤ ልጅም በብዛት ተወለደ። በ1884 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት የባልቲሞር ጉባኤ በየቁምስናው ትምህርት ቤት እንዲከፈት አዝዞ ስለነበር፣ የተገኘው ገንዘብ በቅድሚያ ለመማሪያ ክፍል ዋለ። ቅዳሴውም ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ይካሄድ ነበር። ደናግል (መነኮሳይያት) መምህራት እጅግ በአነስተኛ ክፍያ ባያስተምሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተቻለ ነበር። የግንበኛውና የቆሞሱ (የቁምስናው መሪ ካህን) ስም በድንጋይ ተቀርጾ የእነዚህ መምህራት ድካም ሲዘነጋ በጣም አዝናለሁ።

ከ1962 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ከተካሄደው ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ) በኋላ ምዕመናን በቅዳሴ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ማንበብና በቁምስና ምክር ቤት መቀመጥ ጀመሩ። የ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ ደግሞ በየቁምስናው የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት እንዲኖር ያስገድዳል።

የአንዱን ቁምስና ታሪክ ለማጥናት ካሰቡ ከጥምቀት መዝገቡ ይጀምሩ፤ ማን መቼ እንደ መጣ፣ ማን የማን ክርስትና አባት እንደሆነ እዚያ ያገኙታል።