ሰዓቱና ካሜራው፦ ከአሰልጣኝ ካውንስልማን ምን እንውሰድ?

ጥያቄ፦ የኮሌጅ ዋናተኞችን አሰለጥናለሁ። የኦሊምፒክ የዋና ሻምፒዮኑን ማርክ ስፒትዝን በኮሌጅ ያሰለጠኑት ጄምስ ካውንስልማን ስማቸው በየቦታው ይነሳል። ባለ 25 ሜትር ገንዳ ብቻ ላለው አሰልጣኝ የሚጠቅም ነገር አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ አብዛኛውም ብዙ ወጪ የለውም። «ዶክ» የሚባሉት ካውንስልማን ከ1957 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አሰልጥነዋል። ከ1968 እስከ 1973 የአሜሪካን የኮሌጆች ሻምፒዮና 6 ጊዜ በተከታታይ ወስደዋል። በ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ የመሩት የወንዶች ቡድንም ከ13 ወርቅ 12ቱን አግኝቷል።

ከሰዓቱ ይጀምሩ። የሰከንድ መቁጠሪያው ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ሰዓት ገንዳው ዳር ያቁሙ። ይህን ሰዓት በየገንዳው ካስለመዱት ዋነኛው እሳቸው ናቸው። ለምሳሌ 100 ሜትርን 10 ጊዜ ያዋኙ፤ መነሻው በየ1 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይሁን። በ1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ የጨረሰ 20 ሰከንድ ያርፋል ማለት ነው። በአንድ መስመር ያሉት በ10 ሰከንድ ልዩነት ይነሱ፤ ሁለተኛው ሰዓቱን ሲያነብ 10 ሰከንድ መቀነሱን አይርሳ። ሁሉም የራሱን ሰዓት ስለሚያነብ የእርስዎ ዓይን ከእጅ ሰዓት ተላቆ ቀዘፋውን ይከታተላል። ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በ1 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ የዋኘ ልጅ መጨረሻ ላይ 1 ደቂቃ ከ35 ይገባና እረፍቱ 10 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ልዩነት ከ3 ሰከንድ እንዳይበልጥ ያድርጉ። ቀዘፋም ያስቆጥሩ፦ 25 ሜትሩን በ18 ቀዘፋ የጀመረ 22 ከደረሰ ክንዱ ውሃውን መያዝ አቅቶታል። ያኔ የመነሻውን ጊዜ 10 ሰከንድ ያስረዝሙለት።

ካውንስልማን ዋናተኞቻቸውን በውሃ ውስጥ ይቀርጹ ነበር። በፊልሙም ጎበዞቹ ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው እንደማይስቡ፣ ክርናቸውን እንደሚያጥፉ አዩ። ዛሬ ውሃ በማያስገባ ቦርሳ የገባ ስልክ ይበቃል፤ ከፊትና ከጎን ይቅረጹ። ምክንያቱን ግን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ባለ የማንሳት ኃይል ማስረዳታቸው ኋላ በጥናት ተከልሷል። ስለዚህ እጅን ወደ ግራና ቀኝ አጋኖ ማጠማዘዝ አያስተምሩ፤ የክርኑ መታጠፍ ግን ዛሬም ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ ቀንሶ መዋኘትስ?

መልስ፦ ይህንንም ያስፋፉት እሳቸው ናቸው። በየ5 ቀዘፋው መተንፈስ የቀዘፋውን ምት ለማረጋጋት ይረዳል። በአንድ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ርቀት መፎካከር ግን ይከልክሉ፤ በተለይ አስቀድሞ በፍጥነት ደጋግሞ መተንፈስ አየር የመፈለጉን ስሜት ስለሚያዘገይ፣ ዋናተኛው ምንም ሳይታወቀው ራሱን ሊስት ይችላል።