ብርቱካናማ መብራት ስታዩ፦ ሰርቨር ክፍል ለምትገቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

አንድ ቀን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ሆናችሁ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ታያላችሁ። እጃችሁ ቶሎ ወደ ዲስኩ መንቀያ ይሄዳል። ያን ጊዜ እጃችሁን ያዙልኝ። መብራቱ የት እንደምታዩ ይጠቁማችኋል፤ ምን እንደምታደርጉ የሚነግራችሁ ግን የማሽኑ መዝገብ ነው።

ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ዴል ፓወርኤጅ ላይ የፊቱ ሰማያዊ መብራት ሳይቋረጥ ከበራ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ብርቱካናማ ብልጭታ ብልሽት አለ ማለት ነው። ኤችፒ ፕሮላያንት ላይ ግን ጤንነትን የሚናገረው አረንጓዴው ሲሆን ሰማያዊው የመለያ መብራት ነው። እሱ ብልጭ ድርግም ካለ ከርቀት የሚሠራበት ሰው አለ፣ ወይም ፈርምዌር (የማሽኑ የውስጥ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር) እየታደሰ ነው፤ ኃይል እንዳታቋርጡ። የአንዱን ትርጉም ለሌላው አትስጡ። የየሞዴሉን የመብራት ሰንጠረዥ አትማችሁ በራኩ (ሰርቨሮቹ በተደረደሩበት መደርደሪያ) በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት።

ከሁሉ በላይ የምሰጋላችሁ ስለ ዲስክ ነው። ሬይድ 5፣ ማለትም ዳታን በብዙ ዲስኮች ላይ አካፍሎ የሚያስቀምጥ ዘዴ፣ የአንድ ዲስክ ሞት ይችላል፣ የሁለት ግን አይችልም። አንዱ ሞቶ ሳለ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ከነቀላችሁ ሲስተሙ ይቆማል፣ ዳታውም ሊጠፋ ይችላል። ይህ ስህተት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቆጠራ ነው፤ እንደ ዴል ባሉ ማሽኖች ላይ የዲስክ ቦታ ከ0 ይቆጠራል፣ ሰው ደግሞ ከ1 ይጀምራል። እዚያ ሶፍትዌሩ «ዲስክ 3» ሲል በዓይን ስትቆጥሩ አራተኛው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የቅርብ ጊዜ ባክአፕ መኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ አይድራክ (የዴል) ወይም አይሎ (የኤችፒ) የተባለው የርቀት መቆጣጠሪያ ውስጥ ገብታችሁ የዲስኩን ቦታና ሲሪያል ቁጥር ጻፉ፣ የመለያ መብራቱንም ከዚያው አብሩት። ራኩ ጋ ስትደርሱ የሚበራው የጻፋችሁት ቦታ መሆኑን እዩ። በኤችፒ ዲስክ ላይ ነጭ «አትንቀል» መብራት ከበራ ፈጽሞ አትንኩት፤ ያ ዲስክ ከወጣ ዳታው የተቀመጠበት ክፍል ይወድቃል። የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስባችሁ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ጠብቁ። ውስጡ ያለው ሳህን መሽከርከሩን ሳያቆም ከተንቀጠቀጠ ይጎዳልና። ከዚያ አውጥታችሁ ሲሪያሉን ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። አዲሱ አቅሙ ከአሮጌው ማነስ የለበትም። መልሶ ግንባታው (የሞተው ዲስክ ዳታ በአዲሱ ላይ እንደገና መጻፉ) ሰዓታት ይወስዳል፤ እስኪያልቅ ሌላ ዲስክ አትንኩ።

የኔትወርክ መብራት ስለበራ ብቻ ኬብሉ ደህና ነው አትበሉ። ጊጋቢት (የ1000 ሜጋቢት ፍጥነት) በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራቱንም ጥንድ ሽቦ ይፈልጋል። አንዱ ጥንድ ከተበጠሰ መስመሩ ብዙ ጊዜ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዶ መሥራቱን ይቀጥላል፣ መብራቱም እንደበራ ነው። ሰው «ሲስተሙ ቀርፋፋ ነው» እያለ ሲያማርር ፍጥነቱን ከስዊቹ (የኔትወርክ ኬብሎቹን ከሚያገናኘው መሣሪያ) ላይ አንብቡ። ፋይበር (ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) ሲሆን የአንዱ መላኪያ የሌላው መቀበያ ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልበራ ጫፎቹን አጽዱና ሁለቱን አቀያይሩ። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሞጁሎችም (ብርሃኑን የሚልኩትና የሚቀበሉት ክፍሎች) አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ በ850 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የሚልከው ከ1310 ጋር አይግባባም። የፋይበሩን ጫፍ በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይን ግን ሊጎዳ ይችላል።

የሁለቱም ፓወር ሰፕላይ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ልባችሁ እንዳይረጋ። ሁለቱ ገመዶች አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ ከተሰኩ ያ ዩፒኤስ ሲወድቅ ማሽኑም አብሮ ይወድቃል። ለየብቻ መስመር ስጧቸው፣ ጭነቱንም አስሉ። ሁለት እኩል ዩፒኤሶች እያንዳንዳቸው 60 በመቶ ከተጫኑ፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው 120 በመቶ ይደርስበትና እሱም ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ ሒሳብ በወረቀት መቅረት የለበትም፤ በጥገና ሰዓት አንዱን መስመር አጥፍታችሁ ሌላው ብቻውን መሸከሙን ፈትኑ።

ክዳን ለመክፈት ማሽኑን ስታጠፉም፣ ማብሪያው ላይ ብርቱካናማ ከቀረ ኤሌክትሪክ ገና ውስጥ አለ። ሁለቱንም ገመድ ነቅላችሁ መብራቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ ክዳኑን ክፈቱ።