መልስ፦ የተጫረ የላዮኔል ፉርጎ ይቀባ ወይስ ይተው?

ወንድሜ፣ የገዛኸው የላዮኔል (የአሜሪካው የመጫወቻ ባቡር አምራች) 6464 ፉርጎ ቀለሙ ስለተጫረ ላስቀባው ወይ ብለሃል። በፍጹም እንዳታስነካው! ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያወጣው ለፋብሪካው ቀለም ነው። የተጫረ ኦሪጅናል ተቀብቶ ከሚያበራ ይሻላል። አቧራው ካስጠላህ የፕላስቲክ አካሉን ከብረት ወለሉ ለይና ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠበው። ብረቱን ውሃ አታስነካው፣ ይዝጋል። ጽሑፉንም አትፈትገው፣ ይለቃል።

ይህ ዓይነት ፉርጎ መውጣት የጀመረው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። በጣም ስለሚፈለግ እንደገና ቀብቶ ብርቅ አስመስሎ የሚሸጥ አይጠፋም። ስትገዛ በጥሩ ብርሃን ጠርዙንና ውስጡን እይ፤ ከላይኛው ቀለም ስር ሌላ ቀለም ብቅ ካለ ተጠንቀቅ።

የካርቶን ሳጥኑስ አለህ? እንዳትጥለው፤ አንዳንዴ (አትሳቅ) ሳጥኑ ከፉርጎው ይወደዳል።

እስቲ ሙሉ ቁጥሩን ጻፍልን፤ ዋጋውን የሚለየው ከ6464 ቀጥሎ ከሰረዙ (-) በኋላ ያለው ቁጥር ነው።