ከ6ዲ ወደ አር6 ማርክ 2 ልሂድ ወይ? መጀመሪያ የሰረዝካቸውን ፎቶዎች እይ

ወንድማችን የጠየቀው ባጭሩ ይኼን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ሠርግና ልደት ያነሳል። ጊዜ ሲያገኝ ሐይቁ ላይ ወጥቶ ወፍና ገዳማት ያነሳል። ያለው ካኖን 6ዲ ካሜራ፣ አንድ 50 ኤፍ 1.8 እና አንድ የቆየ 70-200 ሌንስ ነው። አሁን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላገኘ 6ዲውን ሸጦ፣ የዕቁብ ብር ጨምሮበት አር6 ማርክ 2 ላስመጣ ወይ ይላል። የጥር ሠርግ ደግሞ ደርሷል።

እኔም እዚሁ ከተማ ነው የምሠራው። 6ዲ ለዓመታት እንጀራዬ ነበር። አሁን የምይዘው የመጀመሪያውን አር6 ነው። ማርክ 2ን ደግሞ ከባልደረባዬ እየተዋስኩ ሠርቼበታለሁ።

ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» ከሆነ አዲሱ ይሻላል፣ ክርክር የለውም። 6ዲ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ነው፣ ማርክ 2 ደግሞ 2022። አንተ ግን ማወቅ የፈለግከው የዕቁብ ብርህን ያወጣል ወይ የሚለውን ነው። እሱን ዩቲዩብ ላይ ያለ ሰው ሊመልስልህ አይችልም፤ ያንተን ሥራ አያውቀውማ።

እኔ የምመክርህ የለጠፍካቸውን ፎቶዎች ትተህ የሰረዝካቸውን እንድታይ ነው። ካለፉት ጥቂት ሠርጎች ኦሪጅናሉ እጅህ ላይ ካለ ክፈተውና የጣልከውን ሁሉ ለምን እንደጣልከው ጻፍ። ፎከሱ የሙሽራዋን ዓይን ስቶ ጆሮዋ ላይ አርፎ ነው? ተንቀሳቅሳ ብዥ ብሎ ነው? ፊቷ ጠቁሮ ነው? ሙሽራው ዓይኑን ጨፍኖ ነው? ወይስ አንተ ሌንስ ስትቀይር ሙሽሮቹ የሽማግሌውን ጉልበት ስመው ጨርሰው ነው? የእያንዳንዱ መድኃኒት ለየቅል ነው። አዲስ ካሜራ የሚያድነው ጥቂቶቹን ብቻ ነው።

ከጣልካቸው አብዛኛው የፎከስ ከሆነ በቃ፣ ግዛ። 6ዲ ያሉት የፎከስ ነጥቦች 11 ብቻ ናቸው። ከእነሱም ክሮስ የሆነችው (በአግድምም በቁምም አይታ የምትይዘው) መሃለኛዋ ብቻ ናት። መሃለኛዋ በጨለማ አትታማም፣ እውነቱን እንናገር። ችግሩ ሙሽራዋ መሃል ላይ አትቆምልህም። በመሃለኛዋ ዓይኗ ላይ ትይዝና ካሜራውን ወደ ጎን ትመልሳለህ። ሌንሱን በሰፊው ከፍተህ በኤፍ 1.8፣ በቅርብ ርቀት ይቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ትበቃለች፤ ፎከሱ ከዓይኗ ወደ ጉትቻዋ ይሄዳል። ስልክ ላይ አይታወቅም። አልበም ሲታተም ግን ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጉትቻው ነው።

አር6 ላይ ይኼ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ፍሬሙ ዳር ላይ ብትሆንም ይከተላታል። አንዳንዴ ሚዜ በመሃል ሲያልፍ ዘሎ እሱን ይይዝብሃል፤ ያኔ ጣትህን አንስተህ መልሰህ መያዝ ነው። ፍጹም አይደለም፣ ግን ከ6ዲ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከጣልካቸው አብዛኛው የእስክስታ ብዥታ ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። «አዲሱ ካሜራ ውስጡ ማረጋጊያ አለው፣ በ1/30 ሴኮንድ በእጅ ያነሳል» ይሉሃል። እውነት ነው፣ ያነሳል። ማረጋጊያው ግን ያንተን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የጨፋሪዋን ትከሻ አያቆምም። ለእስክስታ 1/250 ወይም 1/320 ያስፈልግሃል፣ የትኛውንም ካሜራ ብትይዝ። እዚያ ለመድረስ ወይ አይኤስኦ (የካሜራውን ለብርሃን ያለውን ስሜት) ትጨምራለህ፣ ወይ ብርሃን ታመጣለህ። 6ዲ እስከ 6400 ድረስ ዛሬም አያሳፍርም።

ብርሃኑን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ድንኳኑ ወይ አዳራሹ ጣሪያው ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይ ተኩስ፣ እንደ ትልቅ ሶፍት ቦክስ ይሠራልሃል። ጣሪያው በቀይ ወይ በወርቃማ ጨርቅ ከተሸፈነ ግን ተጠንቀቅ። የጨርቁ ቀለም ቬሎው ላይ ይወርዳል፤ ነጩ ቬሎ ሮዝ ይሆንብህና ኤዲት ላይ ስትታገል ታድራለህ። ይኼን ማርክ 2ም አያስተካክልልህም። ፍላሹን ከሙሽሮቹ በስተጎን ስታንድ ላይ አቁመህ በትሪገር (ፍላሹን ከሩቅ በሚያስተኩስ መሣሪያ) መተኮስ ያስተካክለዋል። አንድ ደህና ፍላሽና ትሪገር ደግሞ ከአዲስ ቦዲ (ሌንስ ከሌለው ካሜራ) ጋር ሲተያይ ዋጋው ኢምንት ነው።

ገዳማቱ ያሉበት ዘጌ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተህ ከሆነ ታውቀዋለህ። ፍላሽ አይተኮስም፣ ተገቢም ነው። ብርሃን የሚገባው በትልልቆቹ በሮች ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ግማሹ በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ ናቸው። ሥዕል ደግሞ አይጨፍርም። ማረጋጊያው ዋጋውን የሚያሳይህ እዚህ ነው፤ በአር6 1/10 ላይ በእጄ ይዤ፣ አይኤስኦ 800 ላይ ሆኜ የቅዱሳኑን የዓይን ሽፋሽፍት የሚያሳይ ፎቶ አወጣለሁ። በ6ዲስ? ጀርባህን በሩ መቃን ላይ አስደግፍ፣ ትንፋሽህን ያዝ፣ አከታትለህ አንሳ፤ አንዱ ይወጣልሃል። ለገዳማት ብለህ ብቻ ከሆነ የምትገዛው እኔ አልገዛም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተክሊል ሥርዓት የምታነሳ ከሆነ ድምፅ አልባው ሸተር ይማርክሃል። ካህናቱ ሲጸልዩ ቀጭ ቀጭ ማለት ነውር ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ልብ በል። ቤተ ክርስቲያኑ ወይም አዳራሹ ውስጥ ርካሽ የኤልኢዲ መብራት ካለ፣ ድምፅ አልባው ሸተር ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ሊያወጣብህ ይችላል። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ሴንሰሩ ያየዋል። 1/50 ወይም 1/100 ላይ ስትሆን ብዙውን ጊዜ ይጠፋል፣ ከዚያ ሲፈጥን ይመለሳል። ስለዚህ ገና ስትገባ አንድ ሁለት ሞክርና አጉልተህ እይ። 6ዲም ቀስ ብሎ የሚዘጋ የሸተር ሞድ አለው፤ ጨርሶ ዝም ባይልም ከአንዳንድ ሚረርለስ (እንደ አር6 ውስጡ የሚገለበጥ መስታወት የሌለው ካሜራ) ሜካኒካል ሸተር ያላነሰ ጨዋ ነው።

ሜጋፒክስሉን እርሳው። የ6ዲ 20 ሜጋፒክስል በ300 ዲፒአይ ሲታተም 46 በ31 ሳንቲሜትር ይወጣዋል። የማርክ 2 24 ሜጋፒክስል 51 በ34 ነው። ለአምስት ሳንቲሜትር ብሎ ዕቁብ የሚያፈስስ ሰው የለም። ደግሞ ደንበኛህ አብዛኛውን የሚያየው በቴሌግራም ነው፤ እሱም በፋይል ካልላክኸው ያሳንሰዋል።

እኔን ከ6ዲ ያወጣኝ ፎከሱ ብቻ አልነበረም። ዋናው የሚሞሪው ነገር ነው። 6ዲ ያለው አንድ የካርድ ስሎት ነው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የአንድ ሠርግ ሙሉ ምሽት የያዘች ካርድ ኮምፒውተር ላይ አልከፍት አለችው። ሪከቨሪ ሶፍትዌር ሞከረ፣ የወጣው ግማሽ ግማሹ ግራጫ የሆነ ፎቶ ነው። ቤተሰቡን ምን ትላቸዋለህ? እንደገና ተሞሸሩልኝ አይባልም። አር6ም ማርክ 2ም ሁለት ስሎት አላቸው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ይቻላል። ሠርግ እንጀራዬ ነው ለሚል ሰው ከፍጥነቱም ከማረጋጊያውም በፊት ይኼን አስቀድማለሁ።

ይኼ ግን ማርክ 2 የግድ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው አር6 ያገለገለ ከተገኘ ለፎቶ ከማርክ 2 ያን ያህል አይርቅም። 5ዲ ማርክ 4ም አለ፤ ሁለት ስሎት፣ 61 የፎከስ ነጥብ፣ 30 ሜጋፒክስል፣ ያሉህንም ሌንሶች ያለ ምንም አዳፕተር ይቀበላል። ማርክ 2 የሚለየው ቪዲዮ ላይ ነው። የመጀመሪያው አር6 ለሠላሳ ደቂቃ ጥቂት ሲቀረው ቀረጻውን ያቆማል፣ በ4ኬ ደግሞ ይሞቃል። በሚያዝያ ሙቀት መልስ ቀርጸህ ከሆነ የምለው ይገባሃል። ቪዲዮም የምትሠራ ከሆነ ማርክ 2፣ ካልሆነ ልዩነቱን ኪስህ ውስጥ አኑረው።

ዋጋውን ስታሰላ ቦዲውን ብቻ አትቁጠር። ያሉህን ሌንሶች አር6 ላይ የሚገጥም አዳፕተር አለ። መስታወት የሌለበት ባዶ ቀለበት ስለሆነ ጥራት አይቀንስም፤ ግን ይገዛል። ባትሪ አለ። 6ዲ በፋብሪካው ልኬት በአንድ ባትሪ 1,090 ገደማ ያነሳል፤ የመጀመሪያው አር6 በቪውፋይንደር 380 ገደማ ነው። በተግባር ከዚያ በላይ ይሄዳል፣ ግን መብራት በጠፋበት ማግስት ሠርግ ካለህ ሦስት ባትሪ ያስፈልግሃል። የ6ዲ ባትሪዎችህ ይገቡለታል፤ ተከታታይ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። ኮምፒውተርህም አለ። የቆየ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) የአዲሶቹን ጥሬ ፋይል አይከፍትም። አዶቢ በነጻ የሚሰጠው ዲኤንጂ ኮንቨርተር ያሳልፍሃል፣ ሌሊትህን እየበላ።

ስለ ብሩም እንነጋገር። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 አለፈ። የካሜራ ዋጋ አብሮ ወጣ። ሠርግ የምንሠራበት ዋጋ ግን በዚያው ልክ አልወጣም፤ ደንበኛው «አምና በስንት ሠራህ?» ይልሃል። ስለዚህ ሒሳቡን በዶላር ሳይሆን በሠርግ አስላው፤ የረዳት፣ የትራንስፖርትና የአልበም ወጪ ተቀንሶ ከአንድ ሠርግ የሚተርፍህ ስንት ነው? ይኼ ካሜራ የስንት ሠርግ ትርፍ ነው? ከሁለት የሠርግ ወቅት በላይ ከወሰደብህ ይቆየኝ በል። አዲስ ካሜራ ያዝኩ ብለህ ዋጋ እጨምራለሁ ካልክ ደግሞ ብዙ አትመን። ሚረርለሱ ትንሽ ስለሆነ አንዳንድ የሙሽራ አባት «ያ ትልቁ ካሜራህ የት ሄደ?» ነው የሚሉህ። ሳቅ ብለህ ማለፍ ነው።

ወፎቹን በተመለከተ ቦዲ ከመቀየርህ በፊት ሌንስህ አጭር መሆኑን እወቅ። ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ የሚያንዣብቡት ፔሊካኖች ቅርብ ናቸው፣ ለእነሱ 200 ይበቃል። ዛፍ ላይ ላለ ንስር ግን አይበቃም። ያገለገለ 7ዲ ማርክ 2 ብትጨምር ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 200ውን እንደ 320 ያደርግልሃል፣ በሴኮንድ 10 ያነሳል፣ ዋጋውም ሩቅ አይደለም። ጉማሬ ለማንሳት ብለህ ደግሞ ዓባይ መውጫው ጋ ጀልባውን አታስጠጋ። ለዚያ የሚበቃ ካሜራ አልተሠራም።

እኔ አንተን ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። የጥርን ሠርግ በ6ዲ እሠራለሁ። አንድ ፍላሽ ከትሪገር ጋር፣ ከተቻለ 85 ኤፍ 1.8 እጨምራለሁ። አንዱን ሠርግ ብቻ አር6 ተከራይቼ ወይ ተውሼ ከ6ዲው ጎን እይዛለሁ፣ ከዚያ የሁለቱን የተሰረዘ አወዳድራለሁ። ከፋሲካ በኋላ ልዩነቱ ዕቁቡን የሚያወጣ መስሎ ከታየኝ ያገለገለ አር6 ወይ 5ዲ ማርክ 4 እፈልጋለሁ። 6ዲውን ግን አልሸጠውም። አሁን የሚያወጣው ብር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አንገትህ ላይ 70-200 አስረህ በሁለተኛ ቦዲነት ብትይዘው ግን ሌንስ ስትቀይር የሚያመልጥህን ጉልበት መሳም ያድንልሃል።

ያገለገለ ስትገዛ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 22 አንስተህ የሴንሰሩን ቆሻሻ እይ። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርተህ ሻጋታ ፈልግ፤ የክረምት እርጥበት እዚህ ሐይቅ ዳር ሌንስ አይምርም። ከውጭ የሚመጣም ከሆነ ዘመድህ ከመነሳቱ በፊት የጉምሩኩን ነገር ይጠይቅ።

አንድ ነገር አልጻፍክም፤ 70-200ህ የትኛው ነው? ኤፍ 4 ነው ወይስ 2.8? ማረጋጊያ አለው? ማረጋጊያ የሌለው ኤፍ 4 ከሆነ ምናልባት መጀመሪያ መቀየር ያለበት እሱ ነው። ቁጥሩን ጻፍልኝና እንነጋገራለን።