የመሬት መንቀጥቀጥ በማን ኃጢአት ይመጣል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርሁ። ልጆቼን ይዤ በደረጃው ስወርድ ጎረቤቴ «ከእግዚአብሔር ቁጣ ወዴት ይሸሻል?» አሉኝ። መውጣቴ እምነት ማጣት ነውን? መንሥኤውስ ኃጢአታችን ነውን?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅታችን፣ ነቢዩ ዳዊት «ምድርን ያያል፥ እንድትንቀጠቀጥም ያደርጋል» (መዝ. 103፥32) እንዳለው፣ ምድር ከፈጣሪዋ ፈቃድ ውጭ አትናወጥም። ሆኖም ዝናምን በደመና የሚያዘንብ አምላክ ለዚህም ሥርዓት ሠርቶለታል። ስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተለጠጠ የሚለያይበት ስፍራ ነው፤ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከልም ማግማ የሚባለው ቅልጥ ዐለት ከጥልቅ ተነሥቶ ስንጥቁን እየገፋ ሲገባ፣ በዙሪያው ያለው ዐለት ስለሚሰበር ምድሪቱ ለወራት ስትናወጥ ሰነበተች። ይህን ማወቅ የፈጣሪን ሥራ ማወቅ ነው እንጂ ክህደት አይደለም።

እኔን እጅግ የሚያሳዝነኝ ቤታቸው ፈርሶ፣ ከብታቸውን እየነዱ ከቀያቸው በወጡት አርብቶ አደሮች ላይ «ምን በድለው ይሆን?» ሲባል መስማቴ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ የፈረሰችው ሕዝቧ ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኛ ስለ ነበረ አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ስለ ነበረች ነው። ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው ዐሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጦ፣ ንስሐ ግቡ ያለው በሕይወት የቀሩትን ነው (ሉቃ. 13፥4-5)። ስለዚህ መንቀጥቀጡን ስንሰማ የየራሳችንን ኃጢአት እናስብ፤ የተጎጂውን ግን አንቁጠርበት።

መውጣትዎ እምነት ማጣት አይደለም። ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ፈታኙ ነበር፤ ጌታችንም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት (ማቴ. 4፥7)። ነገር ግን መሬቱ እየተናወጠ ሳለ ደረጃ መውረድ ራሱ አደጋ አለው፤ ልጆችዎን ከመስኮት አርቀው፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር አስገብተው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያላችሁ ጸጥ እስኪል ቆዩ፤ ከዚያ በአሳንሰር ሳይሆን በደረጃ ውረዱ፤ ጎረቤትዎንም ይጥሩ። «በጣራው ዙሪያ መከታ አድርግለት» (ዘዳ. 22፥8) የሚለው ሕግ ሰው ከቤታችን ወድቆ እንዳይሞት የሚያዝዝ ነውና፣ በሕንፃው ምሰሶ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ነዋሪዎቹ ተሰብስባችሁ መሐንዲስ እንዲመረምረው አድርጉ።