ጾመ ሕርቃልን ለምን እንጾማለን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት «ጾመ ሕርቃል» እንደሚባል አነበብኩ። ሕርቃል ግን ኬልቄዶናዊ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበለውን የኬልቄዶን ጉባኤ የተቀበለ የሮም ንጉሥ ነው፤ የእስክንድርያ አባቶቻችንንም አሳድዷል። ታዲያ ለእርሱ ለምን እንጾማለን? ሳምንቱን ብተወውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን በትክክል አንብበሃል፤ መተዉን ግን ከየት አመጣኸው?

እ.ኤ.አ. በ614 ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ይዘው ቅዱስ መስቀሉንና ፓትርያርኩን ዘካርያስን ማርከው ወሰዱ። ሕርቃል ከ622 ጀምሮ ዘምቶ ድል ነሣ፤ መስቀሉንም በ630 ወደ ኢየሩሳሌም መለሰ። በትውፊታችን እንደሚነገረው፣ «ነፍስ የገደለ ዕድሜ ልኩን ይጹም» የሚለው ሥርዓት አስፈርቶት ንጉሡ ለመዝመት አመንትቶ ነበር። ምእመናኑ «ጾሙን ተካፍለን እንጾምልሃለን» አሉት። እንግዲህ ጾሙ የታወጀው በጦርነቱ ስለሚፈሰው ደም ነው። ንጉሡን ቅዱስ ያለው ማን ነው? ለአሸናፊ ንስሐ የሚያዝዝ የድል መታሰቢያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ያሳዝናል። በ631 ቂሮስ የተባለውን ሰው ፓትርያርክም አገረ ገዢም አድርጎ ወደ እስክንድርያ ላከው። የእኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ አባ ብንያሚን ወደ ላይኛው ግብፅ ገዳማት ተሰደዱ። ወንድማቸው ሚናስ የኬልቄዶንን ጉባኤ አልቀበልም በማለቱ ጎኑ በችቦ ተለበለበ፣ ጥርሱ ተነቀለ፣ በመጨረሻም ባሕር ውስጥ ተጣለ። ሕርቃል በ641 ሲሞት ዐረቦች ግብፅ ውስጥ ገብተው ነበር። አባታችን ከዐሥራ ሦስት ዓመት ስደት በኋላ ወደ መንበራቸው የተመለሱት በዐረቡ የጦር አዛዥ በዐምር የደኅንነት ደብዳቤ ነው።

ይህን ይዘው «ነፃ የወጣነው በዐረቦች ነው» የሚሉ አሉ። የጻፈው የታሪክ መጽሐፍ ዛሬ በግእዝ ብቻ ተርፎ የሚገኘው የግብፁ ኤጲስ ቆጶስ ዮሐንስ ዘኒቅዩስ፣ ሮማውያን የተሸነፉት በሕርቃል ክፋትና በቂሮስ አሳዳጅነት ነው ይባል እንደነበር ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ግን ዐረቦች በኒቅዩስ ከተማ የፈጸሙትን እልቂትና የጫኑትን ከባድ ግብር አልሸሸገም። ገዢ ሲለወጥ ቀንበር የወረደ ይመስላል፤ ዮሐንስ በዚህ አልተታለለም።

ወደ ጾምህ ልመለስ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ይህ ሳምንት ሲጎድል 48 ይሆናል፤ እንዲህ የሚል ሥርዓት የለንም። የንጉሡ ስም ከከበደህ በቅዱስ ያሬድ የዐቢይ ጾም የዜማ መጽሐፍ በጾመ ድጓ «ዘወረደ» ይባላልና እንደዚያ ብለህ ጥራው። ሰኞ ከሌላው ምእመን ጋር ጀምር፤ ሕመም ወይም ሌላ ምክንያት ካለህ ደግሞ ለንስሐ አባትህ አስቀድመህ ንገራቸው።