ጥያቄና መልስ፦ በስፌት መኪና ፌልት ላይ መጥለፍ

ፌልት ያልተሸመነ፣ ጭረቱ ተጨፍልቆና ተያይዞ የተነጠፈ ጨርቅ ነው። ጫፉ ስለማይተረተር የቁልፍ መያዣ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫና የሕፃናት መጫወቻ ለሚሠሩ ይመቻል። በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን አራት ጥያቄዎች አንድ ላይ አቅርበናል።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። በእግር የሚዘወር አሮጌ ሲንጀር አለኝ፤ እስካሁን ልብስ ብቻ ነው የሰፋሁበት። አሁን ፌልት ላይ አበባና ፊደል እየጠለፍኩ የቁልፍ መያዣ መሸጥ አስቤያለሁ። መኪናው ይሆነኛል ወይስ የጥልፍ መኪና ልግዛ? የሚሆን ከሆነስ ምን ምኑን ልለውጥ?

ይሆናል፣ አይግዙ። ለዚህ ሥራ ዚግዛግ እንኳ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ የሚሰፋ መኪና የመርፌ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ፌልቱ ከመርፌው ጋር ወደ ውስጥ አይሰምጥም፤ ይህ እንዲያውም ጥቅም ነው።

ልብስ ሲሰፉ መኪናው ሁለት ሥራ ይሠራልዎታል። ከመርፌው ሥር ያለው ጥርስ ጨርቁን እየገፋ የስፌቱን ርዝመት ይለካል። በመርፌው ዙሪያ ያለው የብረት እግር ደግሞ መርፌው ሲወጣ ጨርቁ አብሮ እንዳይነሳ ይጫነዋል። ለጥልፍ ጥርሱን ሲያወርዱ መለካቱ በእጅዎ ላይ ይወድቃል፤ እግሩን ሲያወልቁ መጫኑን የጨርቅ መወጠሪያው ክብ ይረከባል። ጥልፍ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከሁለቱ ሥራዎች የቱ ባለቤት እንዳጣ ነው።

ጥርሱን ለማውረድ አንዳንዱ መኪና ወለሉ ላይ የሚዞር ቁልፍ አለው። ሌላው ደግሞ ወደ ኋላ ጋደም ሲያደርጉት ከሥሩ በጣት የሚላላ ብሎን ይገኝበታል። ሁለቱም ከሌለ ሲም ካርድ ከወጣለት ስስ ፕላስቲክ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ያውጡና ቀዳዳው ከመርፌው ትክክል እንዲውል አድርገው በጥርሱ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት። መንኮራኩሩን በእጅ አንድ ዙር አዙረው መርፌው ፕላስቲኩን እንዳይነካ ያረጋግጡ። ጥርሱ ወረደም ተሸፈነም፣ የስፌት ርዝመት መቆጣጠሪያውን 0 ላይ ያድርጉ።

መርፌ፦ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ፌልት 90/14 ጥሩ ነው። ሁለት ድርብ ከሆነ ወደ 100/16 ይውጡ። ክሩ የሚያብረቀርቅ የጥልፍ ክር፣ ቁጥር 40 ቢሆን ይመረጣል። ቦቢን (የታችኛው ክር ማጠንጠኛ) ላይ ደግሞ ቀጠን ያለ፣ ቁጥር 60 ይጠምጥሙ። (የክርና የመርፌ ቁጥር ተገላቢጦሽ ነው፤ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር ይወፍራል፣ ክር ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። ሱቅ ላይ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።) መርፌው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ረጅም ቦይ አለ፤ ክሩ ሁልጊዜ ቦዩ ባለበት በኩል ይገባል። ተገልብጦ የተሰካ መርፌ ስፌት ይዘላል ወይም ጭራሽ አይሰፋም።

የላይኛውን ክር ማጥበቂያ ከተለመደው ያላሉት። ቁጥር ካለው ከ4 ወደ 2 ወይም 3 ይመለሱ፤ ከሌለው ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃል። የሚፈለገው የላይኛው ክር ከሥር በኩል በትንሹ ብቅ ብሎ እንዲታይ ነው። የቦቢኑ ክር ከላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ከታየ ላይኛው ገና ጠብቋል ማለት ነው።

ክቡ ለእጅ ጥልፍ ከሚወጠረው በተቃራኒ ነው የሚወጠረው። ትልቁን ክብ ከታች ያስቀምጡ፣ ፌልቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያንጥፉበት፣ ትንሹን ከላይ ይጫኑበት። ጨርቁ የመኪናውን ወለል መንካት አለበት። ክቡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ይበቃል፤ የትንሹን ክብ ዙሪያ በስስ የጥጥ ጨርቅ ቢጠቀልሉት ፌልቱ አይንሸራተትም። የእንጨት ክብ ወፍሮ ከመርፌው ሥር አልገባ ካለ፣ መርፌውን አውልቀው ክቡን ካስገቡ በኋላ መልሰው ይስኩት።

አሁን የመጀመሪያዎቹ አራት ስፌቶች። እግር ባይኖርም የእግሩን ማንሻ ወደ ታች ያውርዱ። የላይኛውን ክር በግራ እጅዎ ይያዙ፣ መንኮራኩሩን በቀኝ እጅ አንድ ጊዜ ያዙሩ፤ መርፌው ወርዶ ሲወጣ የቦቢኑ ክር በትንሽ ቀለበት ተይዞ ብቅ ይላል። ቀለበቱን ስበው ጫፉን ከላይ ያውጡት። ሁለቱንም ጫፎች ይዘው እዚያው ቦታ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ይምቱ፣ ከዚያ ጫፎቹን ከሥራቸው ቆርጠው ይጓዙ። ጫፉን ሳይዙ የተነሳ ጥልፍ ገና ሲጀምር ከሥር ይተበተባል።

ሲጓዙ እግርዎ ፈጠን፣ እጅዎ ዘግየት ይበል፤ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስፌት ያምራል። የእግር መኪና መነሻው ላይ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩን ስለሚበጥስ ሁልጊዜ መንኮራኩሩን በእጅ አስነስተው ይጀምሩ። ጣቶችዎ ከመርፌው ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። እግር የሌለው መርፌ ጨርቅና ጣት አይለይም።

ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ። ከላይ ሲታይ ጥልፉ ደህና ነው፤ ገልብጬ ሳየው ጨብራራ ፀጉር ነው። መካኒክ ጠርቼ የቦቢን ቤቱን አጠበበልኝ፣ ብሩን ከፈልኩ፣ ያው ነው። ደግሞ መርፌ በየቀኑ ይሰበርብኛል።

ከሥር የሚጨበረረው ክር የላይኛው ክር ነው። ያልተያዘው እሱ ነውና ቦቢኑን ማጥበቅ አይፈውሰውም። ከአሥሩ ዘጠኝ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ እግሩ ስለወለቀ ማንሻው ወደ ላይ እንደቆመ ተረስቷል። ማንሻው ሲነሳ ክሩን የሚጨብጡት ሁለቱ ሳህኖች ይከፈታሉ፤ ማጥበቂያውን የቱንም ያህል ቢያዞሩ ክሩ በመካከላቸው እንደ ልቡ ያልፋል። ማንሻውን አውርደው የላይኛውን ክር በጣትዎ ሳብ ያድርጉት። ጠበቅ ብሎ ከመጣ ተይዟል። ምንም ካልያዘው ደግሞ ማንሻውን ከፍ አድርገው ክሩን እንደገና ያስገቡ፤ በተዘጉ ሳህኖች መካከል የገባ ክር ብዙ ጊዜ ውስጥ ሳይገባ ከላይ ይቀራል።

የተነካካውን የቦቢን ቤት ወደ ልኩ ለመመለስ ቦቢኑን ከነቤቱ አውጥተው በክሩ ጫፍ ያንጠልጥሉት። ዝም ብሎ ከተዘረገፈ ላልቷል። እጅዎን ነቅነቅ ሲያደርጉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከቆመ ልክ ነው፤ ነቅንቀውትም ካልወረደ ጠብቋል። ትንሿን ብሎን በአንድ ጊዜ የሰዓት የደቂቃ ቆጣሪ በ5 ደቂቃ ከሚጓዘው በላይ አያዙሯት፤ ይህችን ታህል እንኳ ልዩነቱ ይታያል። ነጭ ወረቀት ዘርግተው ይሥሩ፤ ያቺ ብሎን ወለል ላይ ከወደቀች አትገኝም።

መርፌ የሚሰብረው ግን መኪናው አይደለም፣ እጅዎ ነው። መርፌው ፌልት ውስጥ ሳለ ክቡን ሲጎትቱት ይታጠፍና ተመልሶ ሲወርድ ብረቱን ይመታል። ከመሰበሩ በፊት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያኔ ያቁሙና መርፌውን ይቀይሩ። ስፌትዎን ይለኩት፦ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ከመኪናው ቀድመዋል። ወይ ፔዳሉን ጫን ይበሉ፣ ወይ እጅዎን ያዘግዩ።

ፌልት ደግሞ ብናኝ ይጥላል፤ የድሬ አቧራ ሲጨመርበት ቦቢኑ ሥር እንደ ጭቃ ይጋገራል። ሁለት ቦቢን በጨረሱ ቁጥር ከፍተው በብሩሽ ይጥረጉ፣ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ያድርጉ። የምግብ ዘይት በፍጹም፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ዘይት ካደረጉ በኋላ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ይስፉ፤ ፌልት ዘይት ከመጠጠ እድፉ አይለቅም።

ከጀጎል፣ ሐረር፦ የሙዳይ ክዳን ላይ ያለውን ክብ በክብ ጌጥ ፌልት ላይ ጠልፌ ለቱሪስት የብርጭቆ ማስቀመጫ እሠራለሁ። ክቤ እንቁላል ይሆናል፤ ስጨርስ ደግሞ ፌልቱ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል።

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ክቡ እንቁላል የሚሆነው መወጠሪያውን እንደ መኪና መሪ ሲያዞሩት ነው። መወጠሪያው አይዞርም፣ ይንሸራተታል፤ ወደ እርስዎ የዞረው ጎን እስከ መጨረሻው ወደ እርስዎ ይሁን።

ትክክለኛ ክብ ከፈለጉ ግን መስመሩን ጥርሱ ተነሥቶ፣ እግሩ ተመልሶ፣ የስፌቱ ርዝመት ወደ 2.5 ተስተካክሎ ይስፉት። ራሷ ጠፍጣፋ የሆነ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፒን ከመርፌው በስተግራ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ በአንድ መስመር፣ ሹሏን ወደ ላይ አድርገው በፕላስተር ያስሩ። የፌልቱን መሐል ፒኗ ላይ ይሰኩትና ይስፉ፤ ጥርሱ ሲገፋው ፌልቱ በፒኗ ዙሪያ ይሽከረከርና የ6 ሴንቲ ሜትር ክብ ይወጣል። ፒኗን ወደ መርፌው እያስጠጉ የውስጦቹን ክቦች ያውጡ፣ ከዚያ ጥርሱን አውርደው በክቦቹ መካከል ያለውን ይሙሉ። የመሐሉን ቀዳዳ የመጨረሻው ጥልፍ ይሸፍነዋል።

መጎድጎዱ የሚመጣው እያንዳንዱ ስፌት ፌልቱን በጥቂቱ ስለሚሰበስበው ነው። ከዳር ወደ መሐል ከሠሩ ትርፉ ጨርቅ መሄጃ አጥቶ መሐል ላይ ያብጣል። ስለዚህ ከመሐል ወደ ዳር ይሙሉ፣ ከሥርም ለሸሚዝ ኮሌታ ማጠንከሪያ የሚገባውን ጨርቅ ያድርጉ። 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ፌልት ከሆነ ራሱን መወጠሪያው ውስጥ አያስገቡት፤ ጠባሳ ይተውበታል። ማጠንከሪያውን ብቻ ወጥረው ፌልቱን በላዩ በረጅም ስፌት ያያይዙ። መርፌውን ከዚያው ከጀጎል የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ከመኪና ግርግር፣ ሲገዙ 100/16 ይጨምሩበት፤ ለዚህ ውፍረት ያስፈልግዎታል።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ፦ ጥቁር ፌልት ላይ ንድፉን በምን ልሣል? ጠመኔው ይረግፋል። የጠለፍኩትን ስተኩስ ደግሞ ቀልጦ ካውያው ላይ ተጣበቀ።

ንድፉን ስስ ወረቀት ላይ ይሣሉ፣ ፌልቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ፣ በመስመሩ ላይ ይጥለፉና ወረቀቱን ይቅደዱ። ስፌቱ አጭር ሲሆን ወረቀቱ በቀላሉ ይቀደዳል። የቀረችውን ቁራጭ በወረንጦ ያውጡ።

የቀለጠብዎ ሰው ሠራሽ ፌልት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ቁራጭ በወረንጦ ይዘው ያቃጥሉ፦ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሱፍ ነው። ከቀለጠና ጠንካራ ዶቃ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ሱፉን እርጥብ ጨርቅ ደርበው በእንፋሎት መተኮስ ይቻላል። ሰው ሠራሹን በደረቅ ጨርቅ ላይ፣ ካውያው ለብ ብሎ፣ በጀርባው በኩል ብቻ ጫን ጫን ያድርጉት፤ አይጎትቱት።